ናይትሮጅንን የሚቆጥብ የእህል ዘር፤ ተስፋውና የዛሬው ሥራችን

ለገበሬዎችና ለልማት ጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

ገበሬ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ዩሪያ ያገኘ ማሳ ለምለም ይሆናል፤ ያላገኘው ግን ይገረጣል። ይህን ልዩነት የሚያመጣው ናይትሮጅን የሚባለው የአዝርዕት ምግብ ነው። ዩሪያ ግን ከባሕር ማዶ ተገዝቶ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው በእጃችን አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የማዳበሪያ ገበያ በናረ ጊዜ ጭማሪው እስከ ገበሬው ጎጆ ድረስ ተሰምቷል።

በዚህም ምክንያት ‹‹ማዳበሪያ የማይፈልግ እህል በሳይንስ ተሠርቷል›› የሚል ወሬ ሲነገር ብዙ ሰው ጆሮውን ይሰጣል። ወሬው በከፊል እውነት፥ በከፊልም ስሕተት ነው። እውነቱን ከስሕተቱ ያልለየ ገበሬ ግን ሊጎዳ ይችላል፤ ወይ የማይሆን ዘር ገዝቶ ዓመቱን ያጣል፥ ወይ አዲሱን ዘር እጠብቃለሁ ሲል ዛሬ ማድረግ የሚገባውን ይተዋል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሦስት ነገር እንመለከታለን። አንደኛ፥ ናይትሮጅን ከማሳ ወዴት እንደሚሄድ፤ ሁለተኛ፥ የዘር ተመራማሪዎች እስከ አሁን ምን እንደ ሠሩ፤ ሦስተኛ፥ ገበሬው አንድን ዘር በገዛ ማሳው ላይ እንዴት እንደሚመዝን። ‹‹ዓ.ም.›› ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ናይትሮጅን ከየት ይመጣል፥ ወዴትስ ይሄዳል?

ከምንተነፍሰው አየር ከ100 እጅ 78ቱ ናይትሮጅን ነው። ነገር ግን ጤፍም ሆነ ስንዴ፥ በቆሎም ሆነ ገብስ ይህን የአየር ናይትሮጅን በቀጥታ ሊመገቡት አይችሉም። ‹‹ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ›› እንደሚባለው ነው። የእህል ሥር በአብዛኛው የሚወስደው በአፈር ውኃ ውስጥ የሟሟውን ናይትሬትና አሞኒየም የሚባለውን ነው።

በ1909 ፍሪትዝ ሃበር የተባለ ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ የአየርን ናይትሮጅን ከሃይድሮጅን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ በ1913ም በዚሁ ዘዴ የሚሠራ ፋብሪካ በጀርመን አገር ተከፈተ። ዛሬ የምንጠቀምበት ዩሪያ የሚሠራው ከዚህ አሞኒያ ነው። ከ100 ኪሎ ዩሪያ 46 ኪሎው ናይትሮጅን ነው፤ ስለዚህ በ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ ማለት ነው።

አሁን ከዚህ 23 ኪሎ ውስጥ ስንቱ ወደ ፍሬ ይገባል ብለን እንጠይቅ። በ1999 ዊልያም ራውንና ጎርደን ጆንሰን የተባሉ ሁለት የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት የዓለምን የእህል ምርትና የማዳበሪያ ፍጆታ አስልተው፥ ለእህል ከተሰጠው ናይትሮጅን ወደ ፍሬው የገባው ከ100 እጅ 33 ያህሉ ብቻ መሆኑን አስታወቁ። በዚህ ስሌት ከአንዱ ከረጢት 23 ኪሎ ውስጥ ፍሬ የሚሆነው ከ8 ኪሎ አይበልጥም። ከቀረውም ከፊሉ በጭዱና በአፈሩ ውስጥ ይቆያል፤ ሌላው ግን በሚከተሉት መንገዶች ይጠፋል።

1ኛ፤ በአፈር ሳይሸፈን የቀረ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ጋዝ ተለውጦ በአየር ይበናል።

2ኛ፤ ናይትሬት ከውኃ ጋር ስለሚሄድ በከባድ ዝናብ ጊዜ ሥር ከማይደርስበት ጥልቀት ሰርጎ ይወርዳል፥ ወይም በጎርፍ ታጥቦ ወደ ወንዝ ይገባል።

3ኛ፤ ውኃ በሚተኛበት የዋልካ መሬት ላይ አየር ሲያጥር፥ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን መልሰው ጋዝ ያደርጉታል። ከእነዚህም ጋዞች አንዱ ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባለው ሲሆን፥ ክብደት ለክብደት ሲመዛዘን በመቶ ዓመት ጊዜ ውስጥ ምድርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ270 ጊዜ በላይ ይበልጣል።

እንግዲህ የተመራማሪዎቹ ጥያቄ ይህ ነው፤ እህሉ ራሱ ከተሰጠው ናይትሮጅን ብዙውን እንዲይዝ ማድረግ ይቻላልን?

የዘረመል ምሕንድስና ምን ማለት ነው?

እያንዳንዱ ዘር ተክሉ እንዴት እንደሚያድግ የሚያዝዝ ትእዛዝ በውስጡ ይዟል። እያንዳንዱም ትእዛዝ ዘረመል ወይም ጂን ይባላል። አባቶቻችን ከአውድማ መልካሙን ዛላ ለዘር ሲያስቀሩ እነዚህን ትእዛዞች ይመርጡ ነበር፤ ስማቸውን ባያውቁም ሥራቸውን ያውቁ ነበርና። የምርምር ጣቢያዎች ደግሞ ሁለት ዝርያዎችን በማዳቀል የሁለቱን ትእዛዞች ያደባልቃሉ።

የዘረመል ምሕንድስና ግን ከዚህ ይለያል። ጸሐፊ ከአንድ ብራና አንዲት ገጽ ቀድቶ በሌላ ብራና ውስጥ እንደሚጨምር፥ ተመራማሪው ከአንድ ሕያው ነገር የታወቀ አንድ ዘረመል ቀድቶ በሌላው ውስጥ ያስገባል። ከውጭ ምንም ሳያስገቡ በተክሉ የራሱ ገጽ ላይ አንዲት ፊደል የሚያርሙበትም መንገድ አለ፤ ይህ የዘረመል አርትዖት ይባላል።

የገብሱ ዘረመል ታሪክ

በዚህ ሥራ ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ የተጀመረው በካናዳ አገር በአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ነው። አለን ጉድ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከገብስ አንድ ዘረመል ወሰዱ። ይህ ዘረመል አላኒን አሚኖትራንስፈሬዝ የሚባል ኤንዛይም እንዲሠራ ያዝዛል። የኤንዛይሙ ሥራ ናይትሮጅን የያዘውን ክፍል ከአንድ ውሕድ ወደ ሌላው እያሻገረ፥ አላኒን የሚባለውን የፕሮቲን መሥሪያ ማዘጋጀት ነው።

ዘረመል ብቻውን አይበቃም፤ መቼና በየትኛው የተክሉ ክፍል እንደሚሠራ የሚወስን መክፈቻ ያስፈልገዋል። ተመራማሪዎቹ በሥር ውስጥ እንዲሠራ የሚያደርግ መክፈቻ ጨምረው፥ ካኖላ በሚባለው፥ የእኛ ጎመን ዘር ዘመድ በሆነው የዘይት ሰብል ውስጥ አስገቡት። በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፥ ይህ ካኖላ በተመቸው ሁኔታ ከተለመደው በ40 እጅ ባነሰ ናይትሮጅን ተመጣጣኝ ምርት ሊሰጥ እንደ ቻለ ገለጹ። በ2008 ደግሞ በሩዝ ላይ የተደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ።

ከዚህ በኋላ ሥራው ወደ አፍሪካ ተሻገረ። መቀመጫው ናይሮቢ የሆነው የአፍሪካ የግብርና ቴክኖሎጂ ፋውንዴሽን ከ2008 ጀምሮ አርካዲያ ባዮሳይንስስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ተስማምቶ፥ ዘረመሉ በኔሪካ ሩዝ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። ኔሪካ የአፍሪካና የእስያ ሩዝ ተዳቅለው የተገኘ፥ በእኛም አገር ሩዝ አብቃዮች ዘንድ የታወቀ ነው። በ2017 በታተመው ውጤት መሠረት፥ ይህ ሩዝ ሦስት የምርት ወቅት፥ ውኃ በሚተኛበትም በማይተኛበትም መሬት ተፈትኖ፥ ናይትሮጅን ባነሰበት ጊዜ ዘረመሉ ካልገባበት ከዚያው ዝርያ የበለጠ ፍሬ ሰጠ። ከአንድ ሥር የሚወጣው ግንድና ዛላው በዝቶ ተገኘ፤ ሥሩም ገና ከጅምሩ በርትቶ ታየ። በኡጋንዳ፥ በጋናና በናይጄሪያም በታጠረ ቦታ የመስክ ፈተና ተደርጓል።

ይሁን እንጂ ይህ ጽሑፍ እስከ ተዘጋጀ ድረስ ያ ሩዝ ለገበሬ በሽያጭ አልቀረበም። ይህም ሊያስደንቀን አይገባም። በመስታወት ቤት ውስጥ ያማረ ተክል በእርሻ ላይ ዝናብ ሲያጥረው፥ አረም ሲጫነው፥ አፈሩም ሲለወጥበት ሌላ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በብዙ ቦታና በብዙ ዓመት መፈተን፥ ለሰው፥ ለከብትና ለአካባቢ የማይጎዳ መሆኑም ተመርምሮ በየአገሩ መንግሥት መፈቀድ ያስፈልገዋል።

ሌሎች የተሞከሩ መንገዶች

ወደዚሁ ግብ የሚወስዱ ሌሎች መንገዶችም አሉ፤ ሁሉም የዘረመል ምሕንድስና አይደሉም።

ሀ) በ2015 የቻይና ተመራማሪዎች ኢንዲካ የሚባለው ሩዝ ጃፖኒካ ከሚባለው ይልቅ ናይትሬትን አጥብቆ የሚወስድበትን አንዱን ምክንያት አገኙ። በአንድ ዘረመል ውስጥ ያለች የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት። እንዲህ ያለው እውቀት በተራ ማዳቀል ለሚሠራውም አርቢ መመሪያ ይሆነዋል።

ለ) በ2021 የጃፓንና የዓለም አቀፉ የበቆሎና የስንዴ ማሻሻያ ማእከል ተመራማሪዎች ከአንድ የዱር ሣር ያገኙትን ባሕርይ በማዳቀል ወደ ስንዴ አዛወሩ። የዚህ ስንዴ ሥር የሚያወጣው ፈሳሽ አሞኒየም በፍጥነት ወደ ናይትሬት እንዳይለወጥ ባክቴሪያዎቹን ያዘገያል። አሞኒየም ደግሞ እንደ ናይትሬት በቀላሉ ታጥቦ አይሄድም።

ሐ) በሜክሲኮ አገር በኦሃካ ተራሮች ገበሬዎች ለብዙ ዘመን ጠብቀው ያቆዩት አንድ የበቆሎ ዝርያ አለ። ከመሬት በላይ ከሚያወጣው ሥር ዝልግልግ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ በፈሳሹም ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ለበቆሎው ይመግቡታል። በ2018 በታተመው ጥናት መሠረት ይህ በቆሎ ከሚያስፈልገው ናይትሮጅን ከ100 እጅ ከ29 እስከ 82 የሚሆነውን ከአየር ያገኛል። የገበሬ ዘር መጥፋት እንደሌለበት ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው።

መ) የእህል ሥር እንደ ባቄላና እንደ ሽምብራ ሥር ባክቴሪያዎችን አስጠግቶ ናይትሮጅን እንዲያገኝ ለማድረግ የሚደክሙ ተመራማሪዎችም አሉ። ይህ ብዙ ዘረመሎችን ማስተባበር የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከሁሉ የረዘመ መንገድ ነው።

ተስፋው እስከ የት ነው?

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ መለየት አለበት። ናይትሮጅንን የሚቆጥብ ዘር ናይትሮጅንን የሚፈጥር ዘር አይደለም። አንድ ኩንታል ስንዴ ከማሳው 2 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ በሔክታር 30 ኩንታል ያገኘ ገበሬ በፍሬው ብቻ 60 ኪሎ ያህል ናይትሮጅን ከመሬቱ አወጣ ማለት ነው። ጭዱ ለከብት፥ ኩበቱ ለማገዶ ሲሄድ ደግሞ የሚወጣው ይበዛል። የወጣው ካልተተካ፥ ቆጣቢው ዘር በአፈሩ ጎተራ የቀረውን እያሟጠጠ ይበላል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ጎተራው ባዶ ይሆናል።

ስለዚህ ‹‹ማዳበሪያ የማይፈልግ እህል›› ማለት ትክክል አይደለም። ትክክለኛው አነጋገር ‹‹ከሚሰጠው ማዳበሪያ ብዙውን የሚይዝ እህል›› ነው። ደግሞም መሬቱ ኮምጣጣ ከሆነ፥ ፎስፎረስ ካነሰው፥ ወይም ውኃ ከተኛበት፥ የናይትሮጅን ቆጣቢ መሆን ብቻ ምርት አያመጣም።

ስለ ሕጉም ማወቅ ያስፈልጋል። በአገራችን በዘረመል ምሕንድስና የተሠራ ዘር ልውጥ ሕያው ተብሎ ይጠራል፤ የሚመራውም በደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ቁጥር 655/2001 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 896/2007 ነው። በ2018 ለእርሻ የተፈቀደው ልውጥ ጥጥ ትልን ለመከላከል የተሠራ እንጂ ናይትሮጅንን ለመቆጠብ የተሠራ አይደለም። እንግዲህ ማንም ሰው በገበያ ቆሞ ‹‹ይህ በሳይንስ የተሠራ፥ ዩሪያ የማይፈልግ ዘር ነው›› ቢል፥ ገንዘባችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ጠይቁ። ስሙና ምንጩ በከረጢቱ ላይ ያልተጻፈ ዘር አትግዙ።

ዘርን በገዛ ማሳ መመዘን

በሕጋዊ መንገድ የመጣ አዲስ የተሻሻለ ዘር ሁሉ ግን ሊሞከር ይገባዋል። አሠራሩ ቀላል ስለ ሆነ ገበሬውና የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አብረው ሊያደርጉት ይችላሉ።

አፈሩ ተመሳሳይ ከሆነ ማሳ ላይ እያንዳንዳቸው በወርድም በቁመትም 10 ሜትር የሆኑ አራት መደቦች ለኩና በችካል ለዩ። የዛፍ ጥላ ያለበትን፥ የፍግ ክምር ወይም የፈረሰ ቤት የነበረበትን ቦታ አትምረጡ። በመደቦቹ መካከል መተላለፊያ ተዉ። ከዚያም፤

1ኛ መደብ፤ የቆየው ዘር፥ ያለ ዩሪያ።
2ኛ መደብ፤ የቆየው ዘር፥ ከ1 ኪሎ ዩሪያ ጋር።
3ኛ መደብ፤ አዲሱ ዘር፥ ያለ ዩሪያ።
4ኛ መደብ፤ አዲሱ ዘር፥ ከ1 ኪሎ ዩሪያ ጋር።

በዚህ ስፋት ላይ 1 ኪሎ ዩሪያ ማለት በሔክታር 100 ኪሎ ማለት ነው። የሚዘራበት ቀን፥ የዘሩ መጠን፥ በዘር ጊዜ የሚሰጠው ኤንፒኤስ፥ የአረሙም ጊዜ በአራቱም አንድ ዓይነት ይሁን። ሲደርስ እያንዳንዱን ለብቻው አጭዳችሁ፥ ለብቻው ወቅታችሁ፥ ፍሬው ከደረቀ በኋላ መዝኑ። ከመደቡ የተገኘው እያንዳንዱ 1 ኪሎ በሔክታር 1 ኩንታል ማለት ስለ ሆነ ሒሳቡ አያስቸግርም።

ውጤቱን እንዴት እንደምናነበው በምሳሌ እንመልከት። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የተሰጡ እንጂ የተለኩ አይደሉም።

መጀመሪያ ምሳሌ፤ ከ1ኛው እስከ 4ኛው መደብ 18፥ 28፥ 19 እና 33 ኪሎ ተገኘ እንበል። በቆየው ዘር ዩሪያው 10 ኪሎ ጨመረ፤ በአዲሱ ግን ያው ዩሪያ 14 ኪሎ ጨመረ። ስለዚህ አዲሱ ዘር ዩሪያውን በተሻለ ተጠቅሞበታል።

ሁለተኛ ምሳሌ፤ 18፥ 28፥ 24 እና 34 ተገኘ እንበል። አዲሱ ዘር ምርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዩሪያው በሁለቱም ላይ የጨመረው 10 ኪሎ ነው። ይህ ዘር ከአፈሩ የበለጠ ወሰደ እንጂ ከዩሪያው የበለጠ አልያዘም፤ ስለዚህ የመሬቱን ለምነት መጠበቅ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ ምሳሌ፤ 18፥ 28፥ 18 እና 28 ተገኘ እንበል። ልዩነት የለም፤ አዲሱን ዘር በተወደደ ዋጋ የሚያስገዛ ምክንያት የለም ማለት ነው።

በአንድ ማሳና በአንድ ዓመት ውጤት ብቻ አትፍረዱ። ቢያንስ በሦስት ገበሬዎች ማሳ፥ ሁለት ዓመት ደጋግማችሁ ሞክሩ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የተመዘነውን ሁሉ፥ መልካሙንም መጥፎውንም፥ በመዝገብ ይጻፍ።

ዛሬ በእጃችን ያለው ሥራ

አዲሱ ዘር እስኪደርስ ድረስ፥ ከደረሰም በኋላ፥ ከታች የተዘረዘሩት አያረጁም።

1. ዩሪያን በአንድ ጊዜ አትጨርሱ። ለስንዴ ሢሶውን በዘር ጊዜ፥ የቀረውን ሁለት እጅ ከአንድ ሥር ብዙ ግንድ በሚያወጣበት ጊዜ መስጠት የተለመደ ነው። ለበቆሎ ቁመቱ ጉልበት ሲደርስ ስጡ። መጠኑን ለአካባቢያችሁ በወጣው ምክር መሠረት አድርጉ።

2. ከዩሪያ በፊት አረሙን ንቀሉ፤ አለዚያ የምትመግቡት አረሙን ነው።

3. በመስመር ለተዘራ እህል ዩሪያውን ከሥሩ ጎን በትንሽ ፈር ጨምራችሁ በአፈር ሸፍኑት። ከባድ ዝናብ ሊጥል ሲል፥ ወይም ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ አትበትኑ።

4. በዋልካ መሬት ላይ ውኃው የሚንጣለልበትን ቦይ አስቀድማችሁ አውጡ።

5. ለጤፍ ዩሪያ አታብዙ፤ ሲበዛበት ይጋሽባል፥ ፍሬውም ይቀንሳል።

6. ከእህል በኋላ ባቄላ፥ አተር ወይም ሽምብራ አፈራርቁ። በሥራቸው ዕጢ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች የአየርን ናይትሮጅን ይይዛሉ። ዕጢውን በአበባ ጊዜ ነቅላችሁ ቁረጡት፤ ውስጡ ቀይ ከሆነ ሥራ ላይ ነው።

7. ፍግና ብስባሽ ወደ ማሳ መልሱ። መሬቱ ኮምጣጣ መሆኑ በምርመራ ከታወቀ ኖራ ጨምሩበት።

እንግዲህ የተመራማሪው ድካም ከንቱ አይደለም፤ ከገብስ የተቀዳችው አንዲት ዘረመል ብዙ እንደሚቻል አሳይታለች። ነገር ግን ከከረጢቱ 23 ኪሎ ውስጥ ሌላ 2 ወይም 3 ኪሎ ወደ ፍሬ ማስገባት በጊዜ በማረም፥ ከፍሎ በመስጠትና በአፈር በመሸፈን ዛሬም የሚሞከር ነው። መልካሙ ዘር በመጣ ጊዜም ከሁሉ የሚጠቀምበት ይህን ሥራ የለመደ ገበሬ ይሆናል።

ለመወያያ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በ100 ኪሎ ዩሪያ ውስጥ ስንት ኪሎ ናይትሮጅን አለ? ከሱስ ወደ ፍሬ የሚገባው ስንት ያህል ነው?
2. ናይትሮጅንን በሚቆጥብ ዘርና ናይትሮጅንን በሚያመጣ ተክል መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?
3. በመንደራችሁ ውኃ የሚተኛበት ማሳ የትኛው ነው? ዩሪያስ በየትኛው ቀን ይሰጠዋል?
4. በሚመጣው ክረምት አራቱን መደቦች በማን ማሳ ላይ እናድርጋቸው?

ይህን ትምህርት ያነበበ ሰው ማንበብ ለማይችል ጎረቤቱ ያንብብለት።